«ራን አውት» ሮጦ ወጣ ማለት ነው እንዴ?

የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር ውስጥ አስጎብኚ ልሁን ብሎ እንግሊዝኛ እያጠና ነው። ባለፈው ከዘጌ ሲመለሱ ጣና መሀል ላይ የጀልባዋ ሞተር ጸጥ አለ። አንዷ ፈረንጅ «ሃቭ ዊ ራን አውት ኦፍ ፊውል?» ትለዋለች። እሱ የሰማው «ራን» እና «አውት» ብቻ ነው። ማን ነው ሮጦ የሚወጣው፣ ያውም ውሃ መሀል? ሴትዮዋ ልትዘል መስላው «ኖ ኖ፣ ሲት ዳውን!» አላት። ቤንዚኑ ግን እውነትም አልቆ ነበር።

ማታ ደውሎ ሲነግረኝ ስቄ ሳበቃ እንዲህ አልኩት። «ዘ ፊውል ራን አውት» ካሉ ቤንዚኑ አለቀ ነው። «ዊ» ብለው ጀምረው «ኦፍ» ሲጨምሩበት ግን «አለቀብን» ይሆናል። እኛ «ብን» ብለን በአንዲት ቅጥያ የምንገላገለውን እነሱ በትንንሽ ቃላት ነው የሚሠሩት። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»ን አስቡ። ግሱ ያው ፈረደ ነው፣ አንዱ ሰውዬ ግን እየሳቀ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

የሚያደክመው «አፕ» ነው። መዝገበ ቃላት «ወደ ላይ» ይላችኋል። «ኢት አፕ» ግን ጥርግ አድርገህ ብላ ነው። «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርጋት፣ «ዩዝ አፕ» ደግሞ ሙጥጥ አድርጎ መጨረስ። ጥርግ፣ ጭልጥ፣ ሙጥጥ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ቃል አለን፣ እነሱ ሁሉንም በአንድ «አፕ» ይሸፍኑታል። ሁሌ ግን አይሠራም። «ፑት አፕ ዊዝ» መቻል፣ መታገስ ነው፤ ለእሱ ብልሃት አላገኘሁም፣ መሸምደድ ነው።

ደግሞ ፈረንጆቹን አንማቸው። «ቁጭ አለ»ን የሚማር ፈረንጅ ምን ይበል? ምን አለ? ቁጭ! ማን ሰማው?

አንድ ያቃተኝ አለ። «ጌት አዌይ ዊዝ»ን በአማርኛ የሚያመጣልኝ ማን ነው? «አመለጠ» አይበቃም፣ ጥፋቱን ሠርቶ ሳይቀጣ ቀረ ለማለት ነው።

— «ጉድ ሠርቶ ሹልክ አለ» ብትለውስ?

— እሷን ወሰድኩ። ግን ሹልክ ያለው በእግሩ ከሆነ ነው፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ማንም ምንም ካላለውስ?

— እንግዲያው «ሳይጠየቅበት ቀረ» በለው። ያችው «በ» መጣችልህ።