የውሻ ኢንሹራንስ፦ ከመግባቴ በፊት ያነክስ የነበረ እግር ይሸፈናል?

ጥያቄ (የቡቺ እናት)

ሰላም ወገኖች። የ14 ወር ላብራዶር አለኝ፤ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። አንድ ኩባንያ በወር 48 ዶላር ብሎኛል፤ ዲዳክቲብሉ (እነሱ መክፈል ከመጀመራቸው በፊት ከኪሴ የማወጣው) 500፣ የሚመልሱት 80 በመቶ፣ የዓመት ጣሪያው 5,000። ሦስት ነገር አልገባኝም። ክሊኒኩን የሚከፍለው ማነው? ባለፈው ወር ለክትባት ስንሄድ ቀኝ የኋላ እግሩን አልፎ አልፎ እንደሚያነሳ ለሐኪሟ ነግሬያት ነበር፤ ምንም ምርመራ ግን አልተደረገም። ይኼ ችግር ያመጣል? ደግሞስ 48ቱን ዶላር በየወሩ ለብቻው ባስቀምጠው አይሻልም?

መልስ (ደረሰኝ ቆጣሪ)

ስለ አከፋፈሉ ልመልስ። ሰው ከራሱ የጤና ኢንሹራንስ ጋር ያምታታዋል፤ የእንስሳ ኢንሹራንስ በአሜሪካ የሚመደበው ከንብረት ኢንሹራንስ ጋር ነው። ክሊኒኩ ላይ ሙሉውን የምትከፍይው አንቺ ነሽ። ከዚያ ደረሰኙንና የሐኪሟን ማስታወሻ ትልኪያለሽ፣ ድርሻሽን ይመልሱልሻል። ለክሊኒኩ በቀጥታ የሚከፍሉም አሉ፤ ጥቂት ናቸው፣ ክሊኒኩም ከነሱ ጋር የሚሠራ መሆን አለበት። ስለዚህ ኢንሹራንስ ኖረሽም አልኖረሽም፣ ለድንገተኛ የሚበቃ ገንዘብ ወይም ካርድ በእጅሽ መኖር አለበት።

ደረሰኝ ስል በካርድ ስትከፍይ የምትወጣውን ብጣሽ ወረቀት አይደለም። እያንዳንዱ መርፌ፣ ራጅና የደም ምርመራ በየመስመሩ ከነዋጋው የተጻፈበት ነው። ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ሲንጓተት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ወይ ዝርዝሩ የለም ወይ የሐኪሟ ማስታወሻ አብሮ አልተላከም።

ስሌቱንም እይው። ሂሳቡ 3,000 ዶላር ቢመጣ፣ መጀመሪያ 500ውን ቀንሶ ከቀረው 80 በመቶ የሚከፍል ኩባንያ 2,000 ይመልስልሻል። መጀመሪያ 80 በመቶውን አውጥቶ 500ውን ከዚያ ላይ የሚቀንሰው ግን 1,900። ቅደም ተከተሉ ውሉ ላይ አለ። ዲዳክቲብሉ በዓመት አንዴ ይሁን በየሕመሙ፣ ሐኪሟ ውሻውን ለማየት ብቻ የምታስከፍለው ይካተት አይካተት አብረሽ ጠይቂ። 5,000 ጣሪያ ለላብራዶር ይጠብበታል፤ የጉልበት ጅማት ተበጥሶ አጥንት ተቆርጦ ብረት ሲገባ ለአንድ እግር ከ4,000 እስከ 7,000 ዶላር መጠየቅ የተለመደ ነው።

መልስ (ቆፍጣናው)

እግር ማንሳቱን ማመልከቻው ላይ ባትጽፊውስ? ምርመራ ካልተደረገ በሽታ የለም ማለት ነው።

መልስ (የክሊኒክ ሰው)

@ቆፍጣናው፣ ይኼ ምክር ገንዘቧን ያስበላታል። በኢንሹራንስ ቋንቋ "ቀድሞ የነበረ ሕመም" ለመባልና ከሽፋን ለመውጣት የበሽታ ስም አያስፈልግም፣ ምልክት ይበቃል። ትልቅ ክሌም ሲገባ ደግሞ ኩባንያው የቆየውን የክሊኒክ መዝገብ በሙሉ ያስመጣል። እዚያ ውስጥ "የውሻው ባለቤት እንዳለችው ቀኝ የኋላ እግሩን አልፎ አልፎ ያነሳል" የምትል አንዲት መስመር ካለች፣ ቀኝ ጉልበቱ ከሽፋኑ ወጥቷል። በዚህ አያበቃም፤ ብዙ ውል ላይ የአንዱ ጎን ችግር ሌላውንም ጎን ያስቀራል፣ ግራ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። አንዱ ጅማት የተበጠሰበት ውሻ ሌላውም የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ነው። አንዳንድ ኩባንያ የዳነ ሕመምን ምልክት ሳያሳይ ከቆየ በኋላ መልሶ ይሸፍናል፤ ጉልበትን ግን ከዚህ ያወጣዋል።

@የቡቺ እናት፣ እኔ የምልሽ እንዲህ ነው። የመዝገቡን ቅጂ ከክሊኒኩ ጠይቂና አንብቢው። ከዚያ ሐኪሟ እግሩን በደንብ ትየው፦ አካሄዱን፣ ጉልበቱን፣ ዳሌውን፣ አስፈላጊ ከሆነም ራጅ። መዳፉ ላይ የቆሰለ ነገር ወይም የተሰነጠቀ ጥፍር ከተገኘ ምክንያቱ በግልጽ ይጻፍ፤ "ጉልበቱ የተረጋጋ ነው" የሚል ቃል መዝገቡ ላይ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። እውነቱ ከተገኘ ማለቴ ነው፤ ማስታወሻ አስተካክሉልኝ ማለት ክሊኒኩንም አንቺንም ችግር ውስጥ ይከታል።

ቀጥሎ ውሉን ግዢና ወዲያው የሕክምና ታሪኩን እንዲገመግሙልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። የስቴቶች የኢንሹራንስ ኮሚሽነሮች ማኅበር በ2022 ያወጣው ሞዴል ሕግ (ስቴቶች እንዲቀበሉት የተዘጋጀ ናሙና) 15 ቀን ውሉን አይቶ የመመለስ መብት ይሰጣል፤ ሁሉም ስቴት ስላልተቀበለው ቀኑን ከራስሽ ውል ላይ አረጋግጪ። ጉልበቱን አንሸፍንም ካሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰርዘሽ ገንዘብሽን ትወስጃለሽ። የመጠበቂያ ጊዜውንም (ውሉ ከተገዛ በኋላ ሽፋኑ እስኪጀምር ያለውን) እይ፦ ለሕመም ብዙ ጊዜ 14 ቀን ነው፤ ለጉልበት ጅማት እስከ ስድስት ወር የሚያስጠብቅ ውል አለ።

መልስ (ቁጠባ ይሻላል ባይ)

ስሜ እንዲህ ቢሆንም ለዚህ ውሻ ቁጠባው ብቻውን አይበቃም። 48 በ12 ወር 576 ዶላር ነው። የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም ካልሲ የዋጠ ላብራዶር በአራተኛው ወር ለቀዶ ጥገና ቢገባ በእጅሽ ያለው 192 ነው። ጉልበቱ ከውሉ ከወጣ ግን ቁጠባው የጉልበቱ፣ ኢንሹራንሱ የሌላው ይሁን። ዋጋው ከዕድሜው ጋር እንደሚጨምርም አስቢ፤ የዘንድሮው 48 ውሻው ስምንት ዓመት ሲሞላው 48 አይሆንም።

ድንገተኛ ክሊኒክ ስትገቢ ከሕክምናው በፊት ዝቅተኛና ከፍተኛውን ግምት በጽሑፍ ጠይቂ። "ዛሬ ሌሊት የግድ የሚደረገው የቱ ነው፣ ጠዋት መደበኛ ሐኪሙ ጋ የሚደርሰው የቱ?" ማለት ነውር አይደለም። ራጁና የደም ውጤቱ በኢሜይል ይላክ፣ ሁለቴ አትክፈይ። መድኃኒቱ የሰው ፋርማሲ ውስጥ የሚገኝ ከሆነ ማዘዣ አጽፊና ዋጋ አወዳድሪ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ፦ ጋባፔንቲን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በፈሳሽ መልኩ ለሰው ሲዘጋጅ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ሊኖረው ይችላል፣ እሱ ለውሻ መርዝ ነው፤ ስለዚህ እንክብሉን። የሰው ማስታገሻ የሆነውን አይቡፕሮፌን ደግሞ በጭራሽ አትስጪው።

በኬርክሬዲት (ለሕክምና ሂሳብ በሚያገለግለው የብድር ካርድ) ከከፈልሽ "ለ6 ወር ያለ ወለድ" የሚለውን በጥንቃቄ አንብቢ። ስድስተኛው ወር ሲያልቅ ጥቂት ዶላር እንኳ ከቀረ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉው ላይ ይታሰባል። ሂሳቡን ለአምስት አካፍለሽ በየወሩ ክፈይ፣ አንድ ወር ይተርፍሻል።

የልብ ትል መከላከያውንም በየወሩ አትዝለይ። ሕክምናው ለወራት የሚቆይና ውድ ነው፤ መከላከያው ካልተሰጠ ደግሞ ክሌሙን የማይቀበል ውል አለ።

ጥያቄ (የቡቺ እናት)

እግዜር ይስጥልኝ። በዚያ 15 ቀን ውስጥ ክሌም ካስገባሁስ?

መልስ (የክሊኒክ ሰው)

ያኔ ውሉን መልሶ ሙሉ ገንዘብ የመውሰድ መብትሽ ይቀራል። የግምገማው መልስ እስኪመጣ ትንንሹን ሂሳብ ራስሽ ቻዪው፤ ደረሰኙን ግን አትጣይ፣ ክሌም ለማስገባት ስንት ቀን እንዳለሽ ውሉ ላይ አለ።