የድህነት ቅነሳን እውነተኛ የምርጫ ክርክር ለማድረግ ማኒፌስቶ ላይ ምን ይጻፍ?

የቀበና ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ፓርቲ ማኒፌስቶ ረቂቅ ላይ አስተያየት እየተሰበሰበ ነው። የድህነት ክፍሉ «ድህነትን ከሥሩ እንነቅላለን» ብሎ ያልፋል፤ ይህን ያላለ ፓርቲ ደግሞ የለም። ተፎካካሪ ሊከራከርበት፣ መራጩም ከ5 ዓመት በኋላ «የታል?» ሊልበት እንዲችል ምን ይግባበት?

ባለስሌቱ፦
መጀመሪያ ድሃ የምትሉት ማን እንደሆነ ጻፉ። በ2008ቱ አገር አቀፍ የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት የድህነት ወለሉ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ በወር 600 እንኳ አይሞላም። በ2003 ደግሞ 3,781 ብር ነበር። በአምስት ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ስለዚህ ቃሉን በብር አትግቡ። ወለሉ የተሠራው ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ ከሚሰጥ ምግብና ምግብ ነክ ካልሆነ መሠረታዊ ወጪ ነው። ቃሉን በዚህ ቅርጫት ግቡ፣ ዋጋው በየዓመቱ ይተመን።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ከወለሉ በታች ያለው ሕዝብ በ1988 45.5 በመቶ፣ በ2003 29.6፣ በ2008 23.5 በመቶ ነበር። በ2013 ምርጫ ሲደረግ በእጅ የነበረው አገራዊ ቁጥር ያው የ2008ቱ ነው። በእንዲህ ያለ ቁጥር ማን ማንን ይጠይቃል? «የጥናቱ ውጤት ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን 6 ወር በፊት ይወጣል» የሚል አንድ መስመር ከአሥር ገጽ ተስፋ ይሻላል።

የወረዳ ባለሙያ፦
ባለስሌቱ ልክ ነው፤ ግን ገበሬው ስለ መቶኛ አይጠይቅህም፣ ስለ ሴፍቲኔት (የምግብ ዋስትና ለሌለው ቤተሰብ በአብዛኛው በሥራ ልውውጥ እህል ወይም ገንዘብ ስለሚሰጠው ፕሮግራም) ነው የሚጠይቅህ። ፕሮግራሙ በ1997 ሲጀመር ስሌቱ ግልጽ ነበር፦ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን፣ በዓመት 6 ወር፣ የቀኑ ክፍያ 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር። አራት ነፍስ ላለው ቤት በወር 20 ቀን፣ 60 ኪሎ ወይም 120 ብር ማለት ነው። በ2000 የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ ብሩ 8 ቢደረግም ሦስት ኪሎውን አልገዛም። ያኔ በብር የሚከፈለው አብዛኛው ሰው «እህሉን ስጡኝ» አለ። ክፍያው በወረዳው ገበያ ዋጋ ይታሰር በሉ።

ክፍያ ሲዘገይም ሰዉ ፍየሉን ይሸጣል፣ ያራጣ ብድር ይገባል። የዘገየ ክፍያ ጥሪት እንዳይሸጥ የታሰበውን ድጋፍ ጥሪት ያሸጠዋል። ምረቃንም (ራሱን ችሎ ከሴፍቲኔት መውጣትን) በኮታ አትጻፉ። ኮታ ሲወርድ ቀበሌው ሰውን የሚያስመርቀው ራሱን ስለቻለ ሳይሆን ቁጥር ስለጎደለ ነው።

ሌላው፣ የእኛው ፕሮግራም እንጂ መብት አይደለም። ኮታው ከሞላ፣ መስፈርቱን ያሟላውም ውጭ ይቀራል። ሕንድ በዚያው በ1997 (ነሐሴ ላይ) ያጸደቀችው ሕግ ለእያንዳንዱ የገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 የሥራ ቀን ሰጠ፤ ጠይቆ በ15 ቀን ሥራ ያላገኘ ሰው የሥራ አጥ አበል ይከፈለዋል ብሎ ደነገገ። ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ ኮታ ወይስ መብት? ወጪውስ ከየት?

ሰኔ 30፦
ወጪው ከተነሣ «ለድህነት ተኮር ዘርፎች ይህን ያህል በመቶ በጀትን» በሚለው አትታለሉ። መንገድም ግብርናም ትምህርትም ጤናም ውሃም እዚያ ውስጥ ነው። አስፋልት ጨምረህ ድርሻውን ማሳደግ ይቻላል፣ ድሃው ጋ አንድ ሳንቲም ሳይደርስ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(4) ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች እየጨመረ የሚሄድ ሀብት ይመደባል ይላል፤ ግን የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ ነው ወይስ ሳይቀነስ? ሜክሲኮ በ1996 ያወጣችው ሕግ የማኅበራዊ ወጪ በጀት በእውነተኛ ዋጋው ከዓምናው ማነስ የለበትም ብሎ ጥያቄውን ዘግቶታል።

የቀበና ልጅ፦
አመሰግናለሁ። ረቂቁ ውስጥ ሁለት ልገፋ ነው፤ ክፍያው በእህል ዋጋ እንዲታሰርና የጥናቱ ውጤት ከምርጫው 6 ወር በፊት እንዲወጣ።

የወረዳ ባለሙያ፦
የእህል ዋጋውን ስትጽፍ የየትኛው ወር ዋጋ እንደሆነ አትርሳ። የጥር ዋጋ ከወሰድክ ሐምሌ ላይ ጉድ ይፈላል።