ቀርከሃዬ ጎረቤት ግቢ ገባ! እርዱኝ

የጓሮ ሰው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ከመንገድ እንዲጋርደኝ ብዬ አጥር ሥር የተከልኩት ቀርከሃ ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ሣር መሃል በቅሎ ተገኘ። ሰባት ቡቃያ ቆጠርኩ። አንዱ የመተላለፊያውን ጡብ ፈንቅሎታል። ሴትዮዋ በጣም ተናደዋል። ምን መድኃኒት ልርጭበት?

የአዊ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ቀርከሃ እኮ ሀብት ነው! እኛ እንጅባራ አካባቢ ያደግነው በሱ ነው። አጥሩ፣ ቅርጫቱ፣ ወንበሩ ሁሉ ከሱ ነው። አገራችን ሁለት ዓይነት አለ። የደጋው ውስጡ ክፍት ነው። ሽመል የምንለው የቆላው ውስጡ ድፍን ነው፤ አሶሳ በኩል ሞልቷል። ሽመል እዚያው በቦታው ይበዛል እንጂ ሮጦ ሰው ግቢ አይገባም። አንተ የቱን ነው የተከልከው?

እናት ዓለም፦ ቡቃያውን ቀቅላችሁ ከጎረቤት ጋር ብሉት፣ እርቅም ይወርዳል! ጥሬውን ግን እንዳትቀምሱ፣ መርዝነት አለው።

የጓሮ ሰው፦ ይቅርታ፣ ሳልናገር። ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። ግንዱ ቢጫ ነው፣ ከታች በኩል አንጓዎቹ ተጠጋግተዋል።

አትክልተኛው፦ ወርቃማው ቀርከሃ ይመስላል፤ ሯጭ ነው። ቡቃያው ላይ ብትረጭ ዋናው ያለው መሬት ውስጥ ነው። ቆፈር ብታደርግ ጣት የሚያክል፣ እንደ ሸንኮራ አንጓ አንጓ ያለው ገመድ ታገኛለህ። አብዛኛው ከላይ 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስለሚሄድ በአካፋ ትደርስበታለህ። ድንበሩ ላይ ቁረጠው፣ በእሳቸው በኩል ያለውን ጎትተህ አውጣ። ቁራጭ ከቀረ ይበቅላል። ከዚያ 75 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍረህ ወፍራም የፕላስቲክ ማገጃ ቅበር። 5 ሳንቲ ሜትር ከመሬት በላይ ይታይ። በላዩ ሊሻገር የሚሞክረውን በየዓመቱ እየዞርክ ቁረጥ።

ሰላም ነኝ፦ ቦይና ፕላስቲክ! እኔንም የገላገለኝ እሱ ነው።

ስልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ አልስማማም። ፌርፋክስ ካውንቲ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሯጭ ቀርከሃ ወደ ጎረቤት እንዲሻገር መተው በካውንቲው ደንብ ተከልክሏል። ሙሉ በሙሉ ንቀለውና የማይሮጠውን ዓይነት ትከል። ደግሞ ሳትቆፍር 811 ደውል። የጋዝና የመብራት መስመሩን በነጻ ምልክት ያደርጉልሃል። ቀናት ስለሚወስድ ዛሬውኑ ደውል።

የጓሮ ሰው፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደውያለሁ። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄ ቡቃያዎቹን ቆርጬላቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የጋዙ መስመር በአጥሩ ሥር ካለፈ ቦዩን በየት ላዙረው?