የማሲ ፈርጉሰን 135 ትክክለኛ ቀለም የቱ ነው?

የአሰላ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን ያወረሱን ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አለን። ሞተሩ ታድሶ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ቀለሙ ግን አልቋል። ኮፈኑን ፀሐይ በልቶት ሮዝ መስሏል፤ ፓራፋንጎው በኋላ በሌላ ቀይ ተቀብቷል። ቀቢው «ሜታሊክ እናድርገው፣ ላዩን በክሊር እንጨርሰው» ይለኛል፤ የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ያለበት ቀለምና ከላዩ የሚረጭ ቀለም አልባ ሽፋን ማለቱ ነው። እኔ የምፈልገው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። ትክክለኛውን ቀይ በምን ልወቅ?

ጡረተኛው መካኒክ፦ ወንድሜ፣ ሜታሊኩን እርሳው። 135 እንግሊዝ አገር ካለው የኮቨንትሪ ፋብሪካ ሲወጣ ክሊር የሌለው ተራ ሲንተቲክ ቀለም ነበር የተቀባው። ያብረቀርቃል፤ እንደ ዘንድሮ አውቶሞቢል ግን ፊትህን አያሳይህም። ሁሉም ነገርም ቀይ አይደለም። ኮፈኑና ፓራፋንጎው ቀይ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ግራጫ፣ ቸርኬው ብርማ ነው። ቀዩ የማሲ ሃሪስ፣ ግራጫው የፈርጉሰን ነበር። ኩባንያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ተዋሃዱ፤ ሁለቱ ቀለሞች አንድ ትራክተር ላይ የወጡት ግን በ1957 መጨረሻ ነው። ደግሞ አዲስ ነጭ ቡሎን እንዳታስገባበት። ሞተርና ካምቢዮ ከተገጠሙ በኋላ ነበር ቀለም የሚረጭባቸው፤ ስለዚህ የቡሎኑም ጭንቅላት ግራጫ መሆን አለበት።

ባትላሜራው፦ ፀሐይ ያልነካውን ቦታ ፈልግ። የኮፈኑን አርማ ንቀልና ከስሩ እይ። የኮፈኑንም ውስጥ እይ። ያገኘኸውን ቀለም በጨርቅና በፖሊሽ ቀስ ብለህ እሸው እንጂ ብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነካው። ዱቄቱ ሲለቅ እውነተኛው ቀይ ይወጣል። ቀለም ቀማሚው ጋ ላሜራውን ራሱን ፈተህ ውሰድለት። በስልክ ፎቶ አይሆንም፤ ካሜራ ቀይን ይቀይረዋል። ከፓራፋንጎው ናሙና አትውሰድ።

ከሚኒሶታ፦ እኔ ለምን ይቀባል ባይ ነኝ። እዚህ አሜሪካ አሮጌ ትራክተር ከሚሰበስቡት ብዙዎቹ፣ ቢደበዝዝም የፋብሪካ ቀለሙ ያለበትን ነው አስበልጠው የሚያዩት። ከተፋቀ በኋላ ተመልሶ አይመጣም።

የአሰላ ልጅ፦ ገብቶኛል፤ ግን ይሄ ትራክተር አሁንም ያርሳል፣ የሚያድረውም ደጅ ነው። ዝገቱ ላሜራውን እየበላው ስለሆነ አንቲረስት የግድ ነው። አርማውን ነቅዬ አየሁት። ጨለም ያለ ቀይ ነው፤ ቀቢው ካሳየኝ በጣም ይለያል። ላዩን አስቀባለሁ፤ የኮፈኑን ውስጥ ግን እንዳለ እተወዋለሁ።

ጡረተኛው መካኒክ፦ ጎሽ! ያ ውስጡ ነገ ለሚያድሰው ሰው ማስረጃ ነው። ሥራው ሲጀመር ግን ተጠንቀቁ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፈግ፤ በውሃ እየራሰ ይሠራ፣ ልጆችም አይጠጉ። ሞተሩንና ካምቢዮውን በአሸዋ አታስነፋ፤ አሸዋው ዘይት እንዳይፈስ በሚይዙት የጎማ ማሸጊያዎች በኩል ይገባል። ቀቢው ማጠንከሪያ ያለው ቀለም ከተጠቀመ ተራ ጭምብል አይበቃውም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የቁጥር ሰሌዳ ደግሞ ሸፍኖ ይርጭ። የትራክተሩ ዓመት የሚታወቀው በእሷ ነው።