ኡቡንቱ ላይ ዋይፋይ ይንቀራፈፋል፣ ስልኬ ላይ ግን ፈጣን ነው

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ኡቡንቱ 22.04 የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩበት። ሁሉ ነገሩ ተመችቶኛል፣ ዋይፋዩ ግን ሊያሳብደኝ ነው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ስልኬ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ያሳያል። ላፕቶፑ አንድ ገጽ እስኪከፍት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በሱ ነው፤ እባካችሁ ድረሱልኝ።

መልስ 1፦ አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ችግሩ የመስመሩ ነው ወይስ የላፕቶፑ የሚለውን እንለይ። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቺና ራውተሩን ራሱን ፒንግ አድርጊው፤ ማለትም ትንሽ መልእክት ልከሽ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ እዪ። አጠገብሽ ስላለ ከጥቂት ሚሊሰከንድ ማለፍ የለበትም።

ጠያቂ፦ አደረግኩት። 3፣ 4፣ ድንገት 210፣ እንደገና 5፣ ከዚያ 180። በኬብል ሳገናኘው ግን 1 እንኳን አይሞላም።

መልስ 2፦ በቃ፣ መስመርሽ ጤነኛ ነው። እኔም ላይ ደርሶብኛል። የዋይፋይ ካርዱ ባትሪ ለመቆጠብ በየመሃሉ ያሸልባል፤ ዳታው ካርዱ እስኪነቃ ይጠብቃል። የኔትወርክ ማናጀር ፎልደር ውስጥ፣ ኮንፍ-ዲ (conf.d) የሚል ፎልደር አለ። እዚያ የዋይፋይ ፓወርሴቭ ፋይል ታገኛለሽ። በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ክፈቺውና 3 የሚለውን 2 አድርጊው። 2 ማለት ቁጠባው ይጥፋ ማለት ነው። ሴቭ አድርገሽ ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጊ። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቃል፣ ግን ያዋጣል።

መልስ 1፦ ልክ ነው። ፋይሉን ከመንካትሽ በፊት ኮፒውን አስቀምጪ።

ጠያቂ፦ ሠራ! አሁን 4፣ 3፣ 4፣ 4 ብቻ ነው የሚለው። ሁለታችሁም ተባረኩ፣ ዛሬ ማታ ምዕራፍ ሦስትን እልካለሁ።