የወተቴ ሆርሞን ነው ልጄን ኪሎ ያሳነሳት?

ጠያቂ፦
ልጄ 3 ወሯን ጨርሳለች። ስትወለድ 3.2 ኪሎ ነበረች፣ በ2 ወሯ 5.1፣ አሁን 5.6 ናት። ከጡት በቀር ምንም አልቀመሰችም። አማቴ «ወተትሽ ቀጥኗል» ይላሉ። በእናት ወተት ውስጥ ሌፕቲን የሚባል ርሃብ የሚቀንስ ሆርሞን እንዳለ ሰማሁ፤ ላስመርምረው? የወሊድ ፈቃዴም በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል። የቀንና የሌሊት ወተት ተለይቶ ይቀመጥ የሚሉት እውነት ነው?

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
ሌፕቲን በወተት ውስጥ መኖሩ እውነት ነው። ሰውነቷ ሞላ ያለ እናት ወተት ውስጥ በዛ ይላል። ኢንሱሊን፣ አዲፖኔክቲን፣ ግሬሊን የሚባሉ ሆርሞኖችና እድገትን የሚያግዘው አይጂኤፍ-1ም አሉ። የሕፃን ጨጓራ አሲዱ ገና ደካማ ስለሆነ ከፊሉ ሳይፈጭ ያልፋል። ምርመራውን ግን ተዪው። መጠኑ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል፣ «ጤነኛው ልክ ይህ ነው» የሚባል ቁጥርም የለም፤ ውጤቱ ቢመጣ የምታስተካክዪበት ነገር አይኖርም።

ቁጥሮችሽን እንይ። 500 ግራም በወር ማለት በቀን ወደ 17 ግራም ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ የ3 ወር ሴት ልጅ መካከለኛ ክብደት 5.8 ኪሎ ነው፤ 5.6 የሚያስደነግጥ አይደለም። ቀድሞ ግን መሐል መስመሩ ላይ ነበረችና መከታተል ይገባል። ከ2 ሳምንት በኋላ በዚያው ሚዛን፣ ዳይፐሯ ወልቆ፣ ራቁቷን አስመዝኛት። የረጠበ ዳይፐር ብቻውን ከ100 ግራም በላይ ሊያሳስት ይችላል።

አዋላጅ ነርስ፦
«ቀጠነ» ስለሚባለው፦ ጡት ሲሞላ መጀመሪያ የሚወጣው ወተት ቀጭንና ሰማያዊ ቢጤ ነው፤ እየጎደለ ሲሄድ ስቡ ይጨምራል። አንዱን ጡት ራሷ እስክትለቅ አጥቢያት፣ ከዚያ ሌላውን ስጫት። በሰዓት ገድበሽ አታላቅቂያት። ወተት ጡት ውስጥ ሲጠራቀም ራሱ «በቃ» የሚል ምልክት ይሰጥና ምርቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይሁን። አፏ በሰፊው ተከፍቶ፣ አገጯ ጡትሽን ነክቶ፣ ስትውጥ ይሰማሻል? በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ትሸናለች?

አንድ ጥያቄ ደግሞ፦ የወሊድ መቆጣጠሪያ ጀምረሻል?

ጠያቂ፦
አዎ፣ ከ5 ሳምንት በፊት ኪኒን ጀመርኩ። ሽንቷ 5 ወይም 6 ጊዜ ነው። መዋጧ ይሰማኛል።

ፋርማሲስት፦
እህቴ፣ እኔ የምጠረጥረው ሆርሞን ይህ ነው። ጥቅሉን አውጪና እዪ። 21 ኪኒን በአንድ ቀለም፣ 7 ደግሞ ቡናማ ከሆነ፣ ቡናማዎቹ አይረን ናቸው፤ 21ዱ ኢስትሮጅን የሚባል የሴት ሆርሞን ያለበት ጥምር ኪኒን ነው። «ኤቲኒል ኢስትራዲዮል» የሚል ካለበትም ያው ነው። ኢስትሮጅን የወተት መጠን ይቀንሳል፤ ለምታጠባ እናት እስከ 6 ወር የማይመከረውም ለዚህ ነው። ፕሮጄስቲን የሚባለው ሌላ ሆርሞን ብቻ ያለው ኪኒን፣ የ3 ወር መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበረው ወተትሽን አይነካም። ጥቅሉን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና ያስቀይሩልሽ። ዝም ብለሽ አታቋርጪው፤ ካቋረጥሽው፣ እስኪቀየር በኮንዶም ካልተደገፈ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። ፕሮጄስቲን ብቻ ያለውን ከመረጥሽ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ነው የሚዋጠው፤ ብዙዎቹ ከ3 ሰዓት በላይ ማሳለፍን አይታገሡም።

አዋላጅ ነርስ፦
ኪኒኑ ከተቀየረ በኋላ ወተቱ እንዲመለስ ለጥቂት ቀናት ይህን አድርጊ፦ በቀን አንዴ 20 ደቂቃ እለቢ፣ 10 እረፊ፣ 10 እለቢ፣ 10 እረፊ፣ 10 እለቢ። አጥሚቱን ጠጪ፤ ፈሳሽና ጉልበት ይሰጥሻል። ጠላውን ግን ተዪው፤ አልኮል ወተት የሚያወርደውን ኦክሲቶሲን ያግዳል። ክብደቷ በ2 ሳምንት ውስጥ ካልጨመረ፣ ወይም ሽንቷ ከ6 ካነሰና እየደከመች ከመጣች ሐኪም ጋ ሳትዘገዪ አድርሻት። የአንቺም ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ቢታይ ጥሩ ነው፤ እሱ ሲታወክም ወተት ሊቀንስ ይችላል።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
ስለ ሥራው፦ ለማትኖሪበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ወደ 30 ሚሊ ሊትር ቁጠሪ፤ ለ9 ሰዓት 270 ሚሊ፣ በ90 በ90 ከፍለሽ። ሥራ ላይ በየ3 ሰዓቱ እለቢ፤ ከዘለልሽ ምርቱ ይቀንሳል። በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ 4 ቀን፣ በፍሪዘር 6 ወር ይቆያል። መብራት ሲጠፋ በረዶ ያለበት መያዣ ውስጥ ክተቺው። አታፍይው፤ ሙቀቱ ኢንሱሊኑንና ሌፕቲኑን ያበላሻል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሙቂው። ስቡ ከዕቃው ግድግዳ ጋር ይጣበቃልና እያዞርሽ አንቀሳቅሺው፤ ያ ካልተቀላቀለ ካሎሪው ዕቃው ላይ ይቀራል። በንጹሕ ስኒ መስጠት ጡት እንዳትተው ያግዛል።

የሌሊቱ ወተት ለእንቅልፍ የሚያግዘው ሜላቶኒን አለው፣ የጠዋቱ የሚያነቃው ኮርቲሶል ይበዛበታል። ዕቃው ላይ ሰዓቱን ጽፈሽ የሌሊቱን ለሌሊት ብታደርጊ ለእንቅልፏ ሊረዳ ይችላል፤ ለኪሎዋ ግን ለውጥ አያመጣም። የታለበው የሌሊት ብቻ ከሆነ ቀን ስጫት፤ አትድፊው።

ጠያቂ፦
ጥቅሉን አየሁት፤ 7ቱ ቡናማ ናቸው። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ።