ልጄ ባቄላ እንዳይበላ ተባለ፤ ሽሮውንስ ምን ላድርገው?

ሚሚ ዘዲሲ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ሁለተኛ ልጄን፣ ወንድ፣ ከወለድኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ሆስፒታል እያለን ከተረከዙ ደም ወስደው ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ጂ-6-ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ያንሰዋል ተባለ። ሐኪሟ ደጋግማ አጽናናችኝ። «ጤነኛ ልጅ ነው። ባቄላ ብቻ እንዳይበላ። መድኃኒትም ሳትጠይቂን አትስጪው» ብላ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጥታ ሸኘችኝ።

ለእሷ ባቄላ አልፎ አልፎ የሚበላ ነገር ነው። እኛ ቤት ግን ታውቁታላችሁ። እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ሻንጣዋ ውስጥ ያለውን ሳላየው አውቀዋለሁ፤ ሽሮ፣ በሶ፣ የባቄላ ቆሎ፣ ለአሹቅ የሚሆን ባቄላ፣ «ለጾሙ» ተብሎ የስልጆ ዱቄት። ልጁ ክርስትና ስለተነሳ እኔም ሁዳዴን ልጾም አስቤ ነበር። የማጠባውም እኔው ነኝ።

ሌላ ጣጣም አለ። አማቴ በስልክ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም» አሉ። ባለቤቴ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። እኔ ሽሮ ብበላ በጡቴ በኩል ይደርሰዋል? ከተቆላና ከተፈጨ በኋላስ ያው ባቄላ ነው? እውነት ከእኔ ነው የመጣው? አራት ዓመት የሆናት ሴት ልጅም አለችኝ፤ እሷስ?

ላብራቶሪው፦

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይሄ ኢንዛይም እኔም ያንሰኛል፤ ስለዚህ ነገሩን በሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን፣ አባቴ አገር ነው። እናቴ የጋምቤላ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ዙሪያ በጥቅምት የባቄላ እሸት ሲደርስ ልጅ የሚባል ቤት አይገኝም፤ ሁሉም ማሳ ውስጥ ነው። ከአጎቴ ልጆች ጋር እኩል እንፈለፍላለን፣ እኩል እንበላለን። እነሱ ምንም አይሆኑም። እኔ ግን በማግስቱ ወይ በሦስተኛው ቀን ዓይኔ ቢጫ ይሆናል፣ ፊቴ ይገረጣል፣ ሽንቴ ኮካኮላ ይመስላል። ሰፈሩ «የወፍ በሽታ ነው» ይላል። እናቴ መድኃኒት አዋቂ ወደሚባሉ ሴትዮ ትወስደኛለች፤ የተጨመቀ ቅጠል እጠጣለሁ፤ ትንሽ ሰንብቼ እድናለሁ። የሴትዮዋ ስም በእኔ ምክንያት ገነነ ብል ማጋነን አይሆንም።

ምስጢሩ የተፈታው ኮሌጅ ነው። የተግባር ትምህርት ላይ የገዛ ደማችንን መረመርን። ኢንዛይሙ ያለው ደም ወረቀት ላይ ጠብ ተደርጎ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ያበራል። የክፍሉ ልጆች ሁሉ ደም አበራ። የእኔ ጨለመ። መምህራችን መጀመሪያ አሠራሬን ተጠራጠረ፤ ደግመን ሠራነው፤ አሁንም ጨለመ። «ባቄላ ትበላለህ?» አለኝ። ያኔ የልጅነቴ ጥቅምት ሁሉ ተራ በተራ መጣብኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባቄላ ውስጥ ቪሲንና ኮንቪሲን የሚባሉ ነገሮች አሉ። አንጀት ውስጥ ሲሰባበሩ ዳይቪሲንና አይሶዩራሚል ይሆናሉ። እነዚህ ደም ውስጥ ሲገቡ ቀይ ሴሎችን ዝገት ብረትን እንደሚበላው ይበሏቸዋል። ጂ-6-ፒዲ የሞላለት ሰው ሴሎቹ መከላከያቸውን ቶሎ ቶሎ እያደሱ ይቋቋማሉ። የእኛ አያድሱም፤ ይፈርሳሉ። ቢጫውም፣ የጠቆረው ሽንትም፣ መገርጣቱም ከዚያ ይመጣል። ሴትዮዋ ለምን «ፈወሱኝ» ብትዪ፣ መጀመሪያ የሚፈርሱት ያረጁት ሴሎች ናቸው። አዳዲሶቹ ኢንዛይማቸው ሻል ያለ ስለሆነ፣ አፍሪካ ውስጥ በብዛት በሚታየው ቀለል ያለ ዓይነት ላይ መፍረሱ ብዙ ጊዜ በራሱ ይበርዳል። ቅጠሉ ዕድለኛ ነበር።

እና ልብ በይ፤ ባቄላው የአጎቴን ልጆች አልነካቸውም። ኢንዛይሙን የሚያሳንሰው፣ በዘር የሚወረሰው ዘረመልም ብቻውን እኔን አልነካኝም፤ ከጥቅምት ውጭ ከማንም እኩል ስሮጥ ነው ያደግኩት። የሚያሳምመው የሁለቱ መገናኘት ነው። ዘሩን መቀየር አይቻልም፤ ሳህኑን መቀየር ግን ይቻላል። ብዙ በዘር የሚመጡ ችግሮች እንዲህ አይደሉም፤ አንቺ የደረሰሽ በጣም ገሩ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ። ጡት ላይ፣ እናት ባቄላ በልታ የሚጠባ ሕፃን የታመመባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና ተመዝግበዋል። ብዙ አይደሉም፤ ግን ልጁ ገና ሁለት ወሩ ስለሆነ እኔ ብሆን እስክታስጥዪው ባቄላ አልነካም። መቁላትና መቀቀል ነገሩን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። እሸቱ ከሁሉም ይብሳል።

ከማን መጣ ላልሽው፣ ዘረመሉ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ ልጅ ኤክሱን የሚወስደው ከእናቱ ብቻ ነው፤ አባቱ የሚሰጠው ዋይ ነው። ስለዚህ አማትሽ ሳያውቁት ልክ ናቸው፤ የእሳቸው ልጅ በዚህ የለበትም። ግን ይሄ ጥፋት አይደለም። ይሄ ዘረመል የበዛው ወባ በኖረበት አገር ሁሉ ነው፤ ምክንያቱም የወባ ተውሳክ እንዲህ ያለ ሴል ውስጥ አይመቸውም። ከአያቶችሽ አንዱን ከወባ ያተረፈው ይሄው ዘረመል ሊሆን ይችላል። ይህን ለአማትሽ በጨዋ ቋንቋ ንገሪያቸው፤ ቡና ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ዐይኑ ወይም ቆዳው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ከገረጣ፣ ወይም ጡት እንቢ ብሎ ከፈዘዘ ቀጠሮ አትጠብቂ። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂውና ስትገቢ «ጂ-6-ፒዲ ያንሰዋል» በይ።

የደጋ ሰው፦

ይቅርታ ግን ይሄ ነገር ተጋኗል። አያት ቅድመ አያቶቻችን ባቄላ ሲበሉ ኖረው ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው ነው የሞቱት። እኔ መንዝ ነው ያደግኩት፤ በባቄላ የታመመ አንድ ሰው አላየሁም። አሜሪካ ሲገቡ ነው ሁሉም ነገር በሽታ የሚሆነው።

ላብራቶሪው፦

ወንድሜ፣ ያየኸው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ባቄላ የደጋ እህል ነው። ከ1800 ሜትር በላይ፣ ብርዱን እየወደደ ይበቅላል። ወባ ደግሞ የቆላ ነው፤ ከ2000 ሜትር በላይ እምብዛም አይወጣም። ዘረመሉ የበዛው ወባ ባለበት ነው። ስለዚህ እኛ አገር ባቄላው ላይ፣ ዘረመሉ ታች ሆነው ብዙም ሳይተያዩ ኖሩ። ባቄላ በማምረት ከዓለም ከቻይና ቀጥለን የምንጠራ አገር ሆነን በሽታው ስም እንኳ ያላወጣው ለዚህ ይመስለኛል። መንዝ ውስጥ አለማየትህ አይገርምም። ጋምቤላ ውስጥ ደም ብትመረምር ግን ብዙ ታገኛለህ፤ እዚያ ደግሞ ባቄላ የዕለት ምግብ አይደለም።

ግብፅን ወይ የጣሊያኗን ሰርዲኒያ ተመልከት። ወባውም ባቄላውም አንድ ሜዳ ላይ ነበሩ። ዘረመላቸውም ከበድ ያለው፣ ሜዲትራኒያን የሚባለው ዓይነት ነው። እዚያ በሽታውን ያላወቀ አያት አልነበረም።

አሁን ሰው ከደጋ ቆላ ወርዶ፣ ከቆላ ደጋ ወጥቶ ይጋባል። እኔ ራሴ የጋምቤላና የደብረ ብርሃን ውጤት ነኝ። «አያቶቻችን ምንም አልሆኑም» የሚለው ለእኔ አልሠራም፤ የትኞቹ አያቶቼ?

አሜሪካ ያልከውም አንድ እውነት አለበት። የኢንዛይሙ ማነስ የታወቀው እዚያ ነው፣ በ1956። ኢሊኖይ ውስጥ ስቴትቪል በተባለ እስር ቤት ፕሪማኩዊን የተባለውን የወባ መድኃኒት በእስረኞች ላይ ሲሞክሩ አንዳንዶቹ ደማቸው ይፈርስ ነበር። እስረኛ ላይ መሞከሩን ተወውና፣ ከዚያ ነው የተገኘው። ፕሪማኩዊን ዛሬም እኛ አገር ቫይቫክስ ለሚባለው ወባ ይሰጣል። አገር ቤት ወንድሞች ካሉሽ፣ ሚሚ፣ ይሄን ሳይመረመሩ እንዳይወስዱ ንገሪያቸው።

እትዬ ባልትና፦

ልጄ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ያሳድግልሽ። ሳይንሱን ለልጆቹ ትቼ የሽሮውን ልንገርሽ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ያዘጋጀሁት እሱን ነው።

ከሱቅ የተገዛ ሽሮ ውስጥ ምን እንዳለ ከነጋዴው በቀር የሚያውቅ የለም። አተር ይባላል፤ ግማሹ ባቄላ ይሆናል። ሽምብራ ይባላል፤ በዚያ ሰሞን የረከሰው ይገባበታል፣ ጓያም ቢሆን። ቀለሙን አይተሽ አትለይውም፤ በርበሬው ሁሉን አንድ ያደርገዋል። ስለዚህ እናትሽ ገዝታ እንዳትመጣ። ሽምብራውን ወይም አተሩን በዓይኗ እያየች ለቅማ፣ ራሷ ቆልታ ከክታ ታስፈጭ። ኮረሪማውን፣ በሶብላውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን እንደ ልማዷ ትጨምር፤ እሱ ምንም አያደርግም።

ወፍጮ ቤቱን ግን ትጠንቀቅ። ከእሷ በፊት ባቄላ ያስፈጨ ካለ ወፍጮው ሆድ ውስጥ የቀረው ወደ እሷ ከረጢት ነው የሚገባው። በጠዋት ሄዳ ጤፍ ያስፈጨ ሰው ተከትላ ታስፈጭ። መጀመሪያ የሚወጣውን ጣሳ ያህል ለብቻ ትያዘውና ለጎረቤት ትስጠው።

ስልጆን ተዪው፤ ከባቄላ ዱቄት ነው የሚሠራው። ኤልበትም እንዲሁ ባቄላ አያጣውም። ቡቲቻ ሥሪ፤ እሱ የሽምብራ ነው፣ በሰናፍጭና በሎሚ ከተሠራ ስልጆን ያስረሳል። አዚፋ አለ፣ ሱፍ ፍትፍት አለ፣ ተልባ አለ። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን በስንዴና በሽምብራ ይሠራል፤ እኔ ሠርቼ አውቃለሁ፤ ማንም አልቀየመኝም። አሹቁ ነው የሚያሳዝነው፤ ለሱ ምትክ የለውም። ጾሙንም ቢሆን ገና አራስ ቤት ያለሽ ያህል ነው፤ ንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፣ አያስጨንቁሽም።

ላብራቶሪው፦

እትዬ የወፍጮውን ነገር ማንም ሐኪም አይነግራትም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። ልጨምር። አንዳንድ ወረቀት ላይ ጥራጥሬ በሙሉ ተከልክሎ ታያላችሁ። ለምስር፣ ለሽምብራና ለአተር ያን የሚያስብል ማስረጃ የለም፤ ጉዳቱ የተረጋገጠው ባቄላ ነው። ጓያ የራሱ ጣጣ አለው፣ እግር የሚያሽመደምደው፤ እሱ ግን ከዚህ ዘረመል ጋር አይገናኝም።

እዚያ አሜሪካ ደግሞ ባቄላ ስሙን ሳይናገር ይመጣል። የግብፆች ፋላፍል ከባቄላ ነው። ከግሉተን ነፃ በሚባል ዳቦ፣ ከዕፅዋት በተሠራ ወተትና በርገር ውስጥ የባቄላ ዱቄት ወይም ፕሮቲን ይገባል። ልጁ ምግብ ሲጀምር ጀርባውን ማንበብ ልመጂ።

ሚሚ ዘዲሲ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ስንቱን ነገር አቀለላችሁልኝ። ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ተናደደች፣ «ባቄላ መርዝ ሆነ ደግሞ!» አለች። የእትዬን መልስ ሳነብላት ግን ዝም ብላ ሰማች። ነገ ሽምብራ ልትገዛ ነው። የወፍጮው ምክር በጣም ገባት፤ «ሴትዮዋ አዋቂ ናቸው» አለች። አማቴ ገና አልተነገራቸውም፤ ባለቤቴ እኔ ልንገራት ብሏል፤ እናያለን።

ሁለት ነገር ቀረኝ። እናቴ ለልጁ ያስቀመጠችው ጋቢ አለ፤ ብል እንዳይበላው ከናፍታሊን ጋር ቁምሳጥን ውስጥ የከረመ። የሴት ልጄን ምርመራስ እንዴት ላድርግ?

ላብራቶሪው፦

ጋቢውን አስቀሪው። ናፍታሊን ከባቄላም የሚያስፈራ ነው፤ ከልብስና ከብርድ ልብስ በጠረኑና በቆዳ ብቻ ገብቶ የእንዲህ ያለ ሕፃን ደም ሊያፈርስ ይችላል። የአራስ ልጅ ቢጫነት ሲከብድ ደግሞ አንጎል ይጎዳል። ናፍታሊን ያልነካው አዲስ ይምጣለት፤ ቤታችሁም ውስጥ ካለ አውጡት። ሂናም ለሕፃን አትቀቡ።

ሴት ልጅሽ ሁለት ኤክስ ስላላት ነገሩ ይወሳሰባል። አንዱ ደህና ሌላው ጎዶሎ ከሆነ ከሴሎቿ ገሚሱ ኢንዛይም ይኖረዋል፣ ገሚሱ አይኖረውም። እንደ እኔ ያለው ወረቀት ላይ ጠብ የሚደረግ ምርመራ እንዲህ ያለችውን ብዙ ጊዜ «ደህና ናት» ብሎ ያሳልፋታል። ስለዚህ መጠኑን በቁጥር የሚለካውን ጠይቂ፤ እሱም ካጠራጠረ የዘረመሉን ምርመራ። ከታመመች በኋላ ወዲያው አይመርመሯት፤ ያኔ ደሟ በአዳዲስ ሴሎች ስለሚሞላ ውጤቱ ያታልላል፤ ሦስት ወር ያህል ይቆይ። እስከዚያው ከአንቺ ጋር ያንኑ ባቄላ የሌለበትን ሽሮ ትብላ።